ላፕቶፕ ሠሪ ኩባንያ ፕሮሰሰር አቅራቢውን መለወጥ ይገባዋልን?

(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን፣ በሳይንስ ክበብ ስም ከተማሪዎች በአንዱ የተደረገ ንግግር)

በዛሬው በዓል ላይ ቆሜ እንድናገር የሳይንስ ክበባችን ሲመርጠኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከደስታዬ ይልቅ ፍርሃቴ በልጦ ነበር። የምናገርበት ጉዳይ ባለፈው ወር በክርክር ጉባኤያችን ቀርቦ እኔ የተሸነፍሁበት ጉዳይ ነው። የተሸነፈ ሰው በተሸነፈበት ነገር ተመልሶ አፉን ሲከፍት ወይ ቂመኛ ወይ ነገር የማይገባው ይባላል። እኔ ግን ቂም አልያዝሁም፤ ነገሩም ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ እየገባኝ ሄዷል ብዬ ስለማምን፣ ጥቂት ደቂቃ ትታገሡኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

የክርክሩ ርእስ፣ «ላፕቶፕ የሚሠራ ኩባንያ ፕሮሰሰር የሚያቀርብለትን ድርጅት ትቶ ወደ ሌላ ቢዛወር ይገባዋልን ወይስ አይገባውም?» የሚል ነበር። እኔ «አይገባውም» ከሚሉት ወገን ቆሜ ነበር። የቆምሁትም በዕጣ ደርሶኝ ብቻ ሳይሆን በልቤም ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ። ተቃራኒዎቻችን የአፕልን ኩባንያ ታሪክ ምስክር አድርገው አቀረቡ፤ ጉባኤውም በድምፅ ብልጫ ፈረደላቸው። ዛሬ የማደርገው ያንኑ ምስክር እንደገና መጠየቅ ነው። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከወላጆቻችን መካከል ነገሩ እንግዳ የሚሆንባቸው ሊኖሩ ስለሚችሉ ስለ ፕሮሰሰር ጥቂት ልበል። ፕሮሰሰር በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከሲልከን የተሠራ፣ በስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነገር ነው። የሚደምረው፣ የሚያነጻጽረው፣ ለሌላው ክፍል ሁሉ ትእዛዝ የሚሰጠው እርሱ ነው። ስክሪኑም ሆነ የፊደል ገበታው ያለ እርሱ ባዶ ዕቃ ናቸው። የሚያስገርመው ግን ስማቸው በላፕቶፑ ክዳን ላይ የተጻፈው ኩባንያዎች አብዛኞቹ ይህን ዋና ነገር ራሳቸው አይሠሩትም። ዴልም፣ ኤች ፒም፣ ሌኖቮም ከኢንቴል ወይም ከኤ ኤም ዲ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከኳልኮም ይገዛሉ።

እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች የምታቀርብ አንዲት ወይዘሮ አስቡ። ጤፉን መርጣ ትገዛለች፤ አብሲት አጣጣሏን ታውቃለች፤ ምጣዷም የተሟሸ ነው። ዱቄቱ የሚፈጨው ግን በሰው ወፍጮ ነው። ወፍጮው ቢዶለዱም እንጀራዋ ይሻክራል፤ ባለወፍጮው ቢዘገይ እርሷም ትዘገያለች። ሆቴሉ የሚወቅሰው ግን ባለወፍጮውን አይደለም፤ እርሷን ነው። ላፕቶፕ ሠሪውም ከፕሮሰሰር አቅራቢው ጋር የሚኖረው ኑሮ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ወፍጮ ቤት መለወጥ ቀላል ነው፤ ጤፍ የትም ቢፈጭ ጤፍ ነው። ፕሮሰሰር መለወጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀላል፣ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ከባድ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚሰማው የራሱ ቋንቋ አለው፤ ፕሮግራም ሁሉ የሚሠራው በመጨረሻ ወደዚያ ቋንቋ ተመልሶ ነው። ኢንቴልና ኤ ኤም ዲ በገበያ ተፎካካሪዎች ቢሆኑም የፕሮሰሰሮቻቸው ቋንቋ አንድ ነው። ስለዚህም ለብዙ ዓመታት ከኢንቴል በቀር የማይገዛው ዴል በ2006 ከኤ ኤም ዲም መግዛት በጀመረ ጊዜ፣ የደንበኞቹ ፕሮግራሞች ምንም እንዳልተለወጠ ያህል ሥራቸውን ቀጠሉ። ቋንቋው ከተለወጠ ግን ትናንት ይሠራ የነበረው ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ፊት ዲዳ ሆኖ ይቆማል። እንግዲህ «አቅራቢ መለወጥ» በሚለው በአንዱ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ ማለት ነው። በክርክራችን ቀን ይህን ለይቶ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልለየሁትም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ኮምፒዩተር ትልቅ ማራገቢያ ተገጥሞለት ከግድግዳው እንዳሻው ኤሌክትሪክ እየሳበ ይኖራል። ላፕቶፕ ግን ስንቁን በባትሪው ተሸክሞ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ሰውነቱ ቀጭን ስለ ሆነ ሙቀቱ የሚወጣበት ሰፊ ቦታ የለውም፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ላፕቶፕ ሠሪ ስለ ፕሮሰሰር የሚጠይቀው ዋና ጥያቄ «ምን ያህል ይፈጥናል?» የሚል ሳይሆን፣ «በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሥራ ይሠራል?» የሚል ነው።

አሁን ወደ ምስክሩ ልመለስ። አፕል ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር በ1984 ሲያወጣ በሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ይጠቀም ነበር። በ1991 ከአይ ቢ ኤምና ከሞቶሮላ ጋር ተባብሮ ፓወር ፒሲ የተባለ አዲስ ፕሮሰሰር እንዲዘጋጅ ተስማማ፤ በማርች 1994ም ወደ እርሱ ተዛወረ። ይህ የመጀመሪያው መዛወር ነው፤ ብዙ አልቆይበትም።

በጁን 2003 የአፕል መሪ የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ጆብስ፣ ጂ 5 የተባለው የአይ ቢ ኤም ፕሮሰሰር የተገጠመለትን ትልቅ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለሕዝብ አሳዩ። ከቀረቡት ሁሉ የፈጣኑ ፍጥነት 2 ጊጋኸርዝ ነበር። በዚያው ቀንም በ12 ወር ውስጥ 3 ጊጋኸርዝ እንደሚደርስ ቃል ገቡ። ዓመቱ ዞረ፤ የተገኘው ግን 2.5 ጊጋኸርዝ ሆነ፤ እርሱንም ለማቀዝቀዝ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ቧንቧ መዘርጋት ግድ ሆነ። እንግዲህ ፈሳሽ ካልዞረበት የማይበርድ ነገር በጭን ላይ በሚቀመጥ ላፕቶፕ ውስጥ ማን ያስገባዋል? ማንም አላስገባውም። ፓወርቡክ ይባል የነበረው የአፕል ላፕቶፕ በቀድሞው በጂ 4 ፕሮሰሰር እንደ ቆመ ቀረ።

እዚህ ላይ አይ ቢ ኤምን መንቀፍ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ያህል አልፈርድበትም። ጂ 5 የተገኘው አይ ቢ ኤም ለታላላቅ የመሥሪያ ቤት ማሽኖች ካዘጋጀው ከፓወር 4 ነው። በዚያው ዘመን ማይክሮሶፍትም፣ ሶኒም፣ ኒንቴንዶም ለጨዋታ ማሽኖቻቸው የሚሆን ፕሮሰሰር ከአይ ቢ ኤም ጋር ያዘጋጁ ነበር። ባለወፍጮው ብዙ ወረፋ አለበት። ለአንዲት ወይዘሮ ቀጭን እንጀራ ብሎ ድንጋዩን እንደገና ይወቅር ዘንድ ምን ያስገድደዋል? የአቅራቢው መንገድና የገዢው መንገድ የተለያዩት በክፋት አይደለም፤ አንዱ ወደ ትልቁ ማሽን፣ ሌላው ወደ ትንሹ ሲሄዱ ነው።

በጁን 6 ቀን 2005 ሚስተር ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ሰብስበው አፕል ወደ ኢንቴል እንደሚዛወር አስታወቁ። ባለ 3 ጊጋኸርዙን ኮምፒዩተር ቃል ገብተው እንዳልፈጸሙ፣ ባለ ጂ 5 ላፕቶፕም ሊሰጡ እንዳልቻሉ በግልጽ ተናገሩ። ምክንያታቸውንም በዋት ሒሳብ አስረዱ፤ ወደፊት በሚመጡት ፕሮሰሰሮች ለተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ፓወር ፒሲ 15 እጅ ሥራ ቢሰጥ፣ ኢንቴል 70 እጅ ይሰጣል የሚል ነበር። ከዚያም ተሰብሳቢውን ያስደነቀውን ነገር ገለጡ። የአፕል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላለፉት 5 ዓመታት በምስጢር በሁለቱም ቋንቋ ሲዘጋጅ ኖሯል። በዚያ ጠዋት በመድረኩ ላይ ሲያሳዩበት የነበረውም ኮምፒዩተር የኢንቴል ፕሮሰሰር የተገጠመለት ነበር።

በክርክራችን ቀን እኔ ራሴ ቆሜ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብዬ ተርቼ ነበር። ጭብጨባም አግኝቼበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን አፕልን ያዳነው ሁለት ዛፍ ላይ መውጣቱ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ከመሰበሩ 5 ዓመት በፊት ሌላውን በእግሩ ይሞክረው ነበር። በችግር ቀን ተነሥቶ አቅራቢ ልለውጥ የሚል ኩባንያና ለዚያ ቀን ዓመታት አስቀድሞ የተዘጋጀ ኩባንያ አንድ አይደሉም። ተረቱ መልካም ተረት ነው፤ እኔ ግን ያለ ቦታው አገባሁት።

የቋንቋውስ ነገር? አፕል ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ ፕሮግራም በአዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ አስገባ። ስሙ የተወሰደው በ1799 በግብፅ ከተገኘው፣ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ከያዘው ድንጋይ ነው። አክሱም ሄዶ የንጉሥ ኢዛናን ድንጋይ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተጻፈው ለሦስት ዓይነት አንባቢ አንድ መልእክት ያደርሳል። ሮዜታም በፓወር ፒሲ ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም እያስተረጎመ ለኢንቴል ያሰማው ነበር። አስተርጓሚ ባለበት ንግግር ሁሉ እንደሚሆነው ሥራው ጥቂት ይዘገያል፤ ግን ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ባለ ኢንቴል ማሽኖች እስከ ጁን 2006 ይወጣሉ ተብሎ ሳለ በጃንዋሪ 2006 ወጡ፤ በኦገስት 2006 ሁሉም ተዛውረው አለቁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ተቃራኒዎቻችን የተናገሩት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በጉባኤያችን አልተነሣም፤ የእኔን ሐሳብ ያናወጠው ይልቁንም እርሱ ነው።

በ2005 ከሚስተር ጆብስ ጋር በመድረኩ ላይ የቆሙት የኢንቴል መሪ ሚስተር ፖል ኦቴሊኒ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አፕል ለሚያዘጋጀው ስልክ ፕሮሰሰር እንዲሠሩለት ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም አልተቀበሉትም። በ2013 ከሥራቸው በለቀቁበት ጊዜ ለአንድ መጽሔት እንደ ገለጡት፣ የቀረበው ዋጋ ኢንቴል ከገመተው ወጪ በታች ነበር። ግምቱ ግን ስሕተት ነበር፤ የተሸጠውም ስልክ ማንም ካሰበው እጅግ በዛ። አይፎን በ2007 ሲወጣ የያዘው የአርም ቋንቋ የሚሰማ፣ ሳምሰንግ የሠራው ፕሮሰሰር ነበር። አፕልም በ2008 ፒ ኤ ሴሚ የተባለውን አነስተኛ የፕሮሰሰር ነዳፊ ኩባንያ ገዛ፤ በ2010 ኤ 4 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር አወጣ። ባለወፍጮው «ይህ ዋጋ አይዋጣልኝም» ብሎ የመለሳት ወይዘሮ ወደ ቤቷ ሄዳ ወፍጮ መንደፍ ተማረች ማለት ነው። አቅራቢን መለወጥ የገዢው ውሳኔ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን ስንከራከር፣ አቅራቢውም በአንዲት ቀን «አይሆንም» ብሎ የገዢውን የ10 ዓመት መንገድ ሊወስን እንደሚችል ረስተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢንቴል ራሱ ደከመ። የፕሮሰሰር ትውልድ በናኖሜትር ይጠራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሠራሩ የረቀቀ፣ ለኤሌክትሪክም የቆጠበ መሆኑን ያመለክታል። ኢንቴል 14 ናኖሜትር ወደሚባለው በ2014 ደረሰ። የሚቀጥለው ባለ 10 ናኖሜትሩ በ2016 ይጠበቅ ነበር፤ በብዛት የወጣው ግን በ2019 ነው። በእነዚህ ዓመታት ላፕቶፕ ሠሪዎች ሁሉ ማሽናቸውን ሲያቀጥኑ ሙቀቱ አልቀነሰላቸውም። የ2003ቱ ታሪክ ተመልሶ መጣ።

በጉባኤው ላይ ከወገኖቼ አንዱ፣ «አፕል መዛወር ካለበትስ ለምን ወደ ኤ ኤም ዲ አልሄደም? ቋንቋው ያው፣ ፕሮግራሙ ያው፣ ማንም ሳይጎዳ ያልፍ ነበር» ብሎ ጠይቆ ነበር። ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል፤ መልስም አላገኘም። በእርግጥም ኤ ኤም ዲ በ2020 በታይዋን ፋብሪካ በ7 ናኖሜትር የተሠሩ መልካም የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች አውጥቶ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ለሚያገኝ ኩባንያ ይህ የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዴል ማይክሮሶፍትን «ቋንቋህን ለውጥ» ብሎ ማዘዝ አይችልምና። አፕል ግን ማሽኑንም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም የሚሠራ አንድ ቤት ነው፤ ለስልኩም ብሎ ለ10 ዓመት የነደፈው ፕሮሰሰር በእጁ ነበረ። ወደ ኤ ኤም ዲ ቢሄድ ከአንዱ ባለወፍጮ ቀጠሮ ወደ ሌላው ባለወፍጮ ቀጠሮ መሄድ ብቻ ይሆንበት ነበር።

በጁን 22 ቀን 2020 የአፕል መሪ ሚስተር ቲም ኩክ ኩባንያው ወደ ራሱ ፕሮሰሰር እንደሚዛወርና ሥራው 2 ዓመት ያህል እንደሚፈጅ አስታወቁ። በኖቬምበር 10 ቀን ኤም 1 የተባለው ፕሮሰሰር ታየ፤ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተሮችን የያዘ ነበር። እርሱ የተገጠመለት ማክቡክ ኤር ማራገቢያ እንኳ የለውም፤ ድምፅ ሳያሰማ ይሠራል። ባትሪውም በኩባንያው መግለጫ መሠረት ቪዲዮ ሲያሳይ እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ሮዜታ 2 የተባለ ሁለተኛ አስተርጓሚም አብሮ መጣ። ተባለ እንደ ተባለው በ2 ዓመት ባያልቅም፣ የመጨረሻው ማሽን በጁን 2023 ተዛወረ። በቴክኒክ ረገድ መዛወሩ ትክክል እንደ ነበረ ዛሬ ለመካድ አልሞክርም። በዚህ ላይ ተሸንፌአለሁ።

ነገር ግን የተሳካለትን አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ልክ አይደለም። ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2012 ሰርፌስ አር ቲ የተባለ፣ የኢንቪዲያ ፕሮሰሰር የተገጠመለትና የአርም ቋንቋ የሚሰማ ማሽን አወጣ። ቀላል ነበር፤ ባትሪውም የሚመሰገን ነበር። ሰው ለብዙ ዓመታት የገዛቸው የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ግን በእርሱ ላይ አይሠሩም፤ አስተርጓሚም አልተዘጋጀላቸውም። ገዢው ሸሸ፤ በጁላይ 2013 ኩባንያው በዚህ ምክንያት የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ በመዝገቡ ላይ ጻፈ። ያው ማይክሮሶፍት በጁን 2024 ከኳልኮም በተገዛ ፕሮሰሰር አዲስ ላፕቶፕ ሲያወጣ ግን የተሻሻለ አስተርጓሚ አስከትሎ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግ ቢሆንም አሮጌውን ፕሮግራም የሚያሻግር ድልድይ ካልተሠራለት ሰው አይሻገርም።

አሁን ከመጀመሪያው «አይገባውም» ያሰኘኝን ነገር ልናገር። እንደ እኔ ባለ ተማሪ እጅ የሚገባው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ያለፈ ነው። አባቴ፣ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ብዙ ወራት ካጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዙልኝ። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ ለነገራችን አይጠቅምም። በዓመቱ አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልጫንበት ስል፣ ይህ ፕሮሰሰር ለዚህ አይፈቀድም የሚል ጽሑፍ ወጣ። አባቴ «ተበላሸ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልተበላሸም» አልኋቸው። «ካልተበላሸ ለምን አይቀበልም?» አሉኝ። ስለ ፕሮሰሰር ያነበብሁት ሁሉ በዚያች ሰዓት ጠፍቶብኝ ዝም አልሁ።

ይህን በልባችን ይዘን የአፕልን ታሪክ እንደገና ብናይ ሌላ ነገር ይታየናል። በኦገስት 2009 የወጣው የአፕል ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፓወር ፒሲ ማሽኖች ላይ አልሠራም፤ በጁላይ 2011 የወጣው ደግሞ አስተርጓሚውን ሮዜታን አስወጣ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የማክቡክ ኤር ነገር ነው። በማርች 2020 አፕል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ማክቡክ ኤር ለገበያ አቀረበ። ባለ ኤም 1ኛው የወጣው ከ8 ወር በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያንን የማርች 2020 ማሽን አይቀበልም፤ ኩባንያውም ባለ ኢንቴል ማሽኖችን የሚቀበል የመጨረሻው ትልቅ ሲስተም ይኸው እንደ ሆነ በጁን 2025 አስታውቋል። በ2020 መዛወሩ በታወጀ ቀን የተሰጠው ቃል ባለ ኢንቴል ማሽኖች ለመጪዎቹ ዓመታት ይደገፋሉ የሚል ነበር። ቃሉ ተፈጽሟል፤ ዓመታት አልፈዋልና። ስንት ዓመት እንደ ሆነ ግን በዚያ ቀን አልተነገረም። በማርች የገዛው ሰው ቁጥሩን ቢያውቅ ኖሮ 8 ወር ይታገሥ ነበር፤ ወይም በዋጋው ይከራከር ነበር።

ተቃራኒዎቻችን ንግግራቸውን የዘጉት «አፕል ራሱን ቻለ» በሚል ቃል ነበር፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጨበጨበለትም እርሱ ነው። በዚህ ግን አልስማማም። አፕል ፕሮሰሰሩን ይነድፈዋል እንጂ አይሠራውም። ኤም 1ን የሠራው በታይዋን የሚገኘው፣ በ1987 የተቋቋመው ቲ ኤስ ኤም ሲ የተባለ ኩባንያ ነው። የፕሮሰሰሩ ቋንቋም የተገኘው ከእንግሊዙ ከአርም በፈቃድ ነው። ይህ አርም በ1990 ሲቋቋም ከ3ቱ መሥራቾች አንዱ አፕል እንደ ነበረ ስንሰማ የነገሩን መዞር እናደንቃለን፤ ቢሆንም ዛሬ የአፕል ንብረት አይደለም። እንግዲህ ወይዘሮዋ የወፍጮውን ድንጋይ ራሷ ትቀርጸው ጀመር እንጂ የሚያዞረው አሁንም ሌላ ሰው ነው፤ ያም በባሕር ማዶ ባለች በአንዲት ደሴት። ጥገኝነቱ ቦታውን ለወጠ፤ አልጠፋም።

ዛሬ ጉባኤው ተመልሶ ቢሰበሰብና ድምፅ ስጥ ብባል «ይገባዋል» እላለሁ። የአቅራቢው መንገድ ከላፕቶፑ መንገድ ከተለየ፣ ይህም የአንድ ዓመት መዘግየት ሳይሆን የብዙ ዓመት መለያየት ከሆነ፣ ሠሪው አስተርጓሚውን አስቀድሞ ካዘጋጀ ይዛወር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሌላ ሰው ከሆነ ግን ቋንቋውን ሳይለውጥ ቢዛወር ይሻለዋል። አንድ ነገር ግን አልተውም፤ መዛወሩን በሚያውጅበት ቀን የቀድሞው ማሽን እስከ ስንት ዓመት እንደሚደገፍ በቁጥር ጽፎ በካርቶኑ ላይ ይለጥፍ። ወተት ሻጩ የሚያበቃበትን ቀን በካርቶኑ ላይ ሲጽፍ፣ ላፕቶፕ ሻጩ የማይጽፍበት ምክንያት አይታየኝም። ይህ ሐሳብ በክርክሩ ቀን ቢመጣልኝ ኖሮ ምናልባት በዚያ ድምፅ አልሸነፍም ነበር።

ወላጆቻችንም ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩን ስለ መልኩና ስለ ማስታወሻው ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮሰሰሩ የማንና የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ይቀበል እንደ ሆነ ጠይቁት። ቢቻል ከመክፈላችሁ በፊት ከፍቶ ያሳያችሁ።

የአባቴን ላፕቶፕ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። በአሮጌው ሲስተሙ እስካሁን ይሠራል፤ ይህን ንግግር የጻፍሁትም በእርሱ ነው። ከሻይ በኋላ በሳይንስ ክበብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ፕሮሰሰሩን ማየት የሚወድ ሁሉ ይምጣ፤ የታችኛውን ክዳን ፈትተን እናሳየዋለን። ሲሠራ ጥቂት ይሞቃልና በጭናችሁ ላይ ግን አታስቀምጡት።